ጅማ ላይ የሞባይል ኔትወርክ መሻሻልን በራስ መዝገብ መከታተል፦ ከአንድ ስልክና ከአንድ ደብተር የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ጅሬን ዳገት ላይ ባለው የአክስቴ ቤት ስልክ የሚደወልበት ቦታ የታወቀ ነው። ከበር ወጥቶ፣ የአቮካዶውን ዛፍ አልፎ፣ አጥሩ ጥግ ያለው ድንጋይ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ልጆቹ ሳይቀሩ እንግዳ ሲመጣ “ድንጋዩ ጋ ይሂዱ” ብለው ያመለክታሉ። አንድ ቀን ስለ ኔትወርኩ ለኩባንያው አቤት ልል ሄጄ ያገኘሁት መልስ “አካባቢው ሽፋን አለው፤ ማስፋፊያም ተሠርቷል” የሚል ነበር። እኔ የለም አልኩ፤ እነሱ አለ አሉ። በእጄ አንድም ቁጥር ስላልነበረ ነገሩ እዚያው ቀረ። ደብተር መያዝ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ማስፋፊያ ሲታወጅ የሚጠራው የከተማ ስም ነው። 4ጂ (አራተኛው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ) አዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ክልል ከተሞች በስፋት መዝለቅ የጀመረው በ2013 ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ድሬዳዋ ላይ ሙከራውን ጀምሮ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ 5ጂን በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሙከራ ደረጃ አስተዋወቀ። እነዚህን ቀኖች ማንም ማግኘት ይችላል። ማሻሻያው መንደራ ቆጪ ውስጥ ካለች አንዲት ሱቅ፣ ወይም ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ካለ ግቢ መቼ እንደደረሰ ግን እዚያው ያለ ሰው ካልመዘገበው በቀር የትም ተጽፎ አይገኝም። ይህ መመሪያ ያንን የሚመዘግብ ሰው እንዲበዛ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ፦ ዘንጎቹን ትቶ ቁጥሩን ማንበብ

በስልኩ ጫፍ ላይ የሚታዩት አራት ወይም አምስት ዘንጎች የጋራ መለኪያ የላቸውም። ስንት ዘንግ መቼ እንደሚበራ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ኩባንያ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስልኮች በአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር ሆነው የተለያየ ዘንግ ያሳያሉ። መመዝገብ ያለበት ዲቢኤም በሚባለው የሲግናል ጉልበት መለኪያ የሚለካው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። ስለዚህ -85 ከ-105 ይሻላል። ልኩም እንደ ተራ ቁጥር አይሄድም። በ3 ሲወርድ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ሲወርድ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በ20 ሲወርድ የሚቀረው አንድ መቶኛ ነው። ይህን የያዘ ሰው “ትንሽ ነው የቀነሰው” የሚለውን ማስተባበያ በቀላሉ አይቀበልም።

በአንድሮይድ ስልክ ቁጥሩን ለማግኘት ወደ ማስተካከያው ገብተው “ስለ ስልኩ” የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ካርዱን ሁኔታ ይክፈቱ፤ የሲግናል ጥንካሬ የሚል መስመር አለ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ብሎ መደወል ዝርዝሩን ያመጣል። በአይፎን *3001#12345#* ብለው ይደውሉ። ለረጅም ጊዜ ለመከታተል ግን መተግበሪያ ይመረጣል፤ ኔትወርክ ሴል ኢንፎ ላይት ወይም ሴልማፐር ይበቃል። ሴልማፐር በአይፎን አይሠራም፤ አይፎን መተግበሪያዎች እነዚህን ቁጥሮች እንዲያነቡ አይፈቅድምና። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከውድ አይፎን ይልቅ ርካሽ አንድሮይድ ይሻላል።

በ4ጂ ላይ የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው አርኤስአርፒ ይባላል፤ የሲግናሉን ብርታት ይናገራል። ከ-80 የተሻለ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው፤ እስከ -90 ጥሩ፣ እስከ -100 የሚያሠራ፣ ከዚያ እስከ -110 ደካማ ነው። -115ን ካለፈ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል። ሁለተኛው ኤስአይኤንአር ነው፤ የምንፈልገው ሲግናል ከሌላው ጫጫታ ምን ያህል በልጦ እንደሚሰማ ይነግረናል። ከ20 በላይ ከሆነ ጥርት ያለ ነው፤ ከዜሮ በታች ከወረደ ብርታቱ ምንም ቢሆን ኢንተርኔቱ ይንፏቀቃል።

አንድ ትልቅ ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል። በ2ጂ የተነበበ -80 እና በ4ጂ የተነበበ -100 አይወዳደሩም። የ4ጂው ቁጥር የሚለካው ከጠቅላላው ሲግናል አንዲትን ጠባብ ቁራጭ ስለሆነ ከተፈጥሮው ዝቅ ብሎ ይታያል። ከቁጥሩ አጠገብ 2ጂ፣ 3ጂ ወይም 4ጂ ብለው ካልጻፉ መዝገቡ ዋጋ የለውም። የመጀመሪያ ወር ገጾቼን የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ኔትወርኩ የተበላሸ መስሎኝ ሳለ ስልኩ ከ3ጂ ወደ 4ጂ ተሻግሮ ኖሯል።

ሁለተኛ፦ ስልኩን ሥርዓት ማስያዝ

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ስልክ ይጠቀሙ። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ በአንድ ጊዜ የአንዱን ብቻ ይለኩ፤ ሞባይል ዳታውም በሚለካው ሲም ላይ ይሁን። ሲሙ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ ይለውጡት፤ ድሮ የተሰጡ ሲሞች 4ጂን አያስነሱም፤ ሰውየው ግን ጥፋቱን በማማው ላይ ያደርጋል። ከመለካትዎ በፊት የበረራ ሁኔታውን አብርተው ያጥፉትና አንድ ደቂቃ ይታገሡ። ስልክ ከሩቅ ይዞት የመጣውን ማማ ቶሎ አይለቅም፤ ከጅማው መርካቶ ወደ ጊንጆ ሰፈር በባጃጅ የሄደ ስልክ እንደወረዱ ያሳየው ቁጥር የጊንጆ ላይሆን ይችላል። ስልኩን ደረት አካባቢ ይያዙ፤ ሦስት ጊዜ በአሥር አሥር ሰከንድ ልዩነት አንብበው መካከለኛውን ይጻፉ።

በ4636 ዝርዝር ውስጥ ስልኩን “4ጂ ብቻ” ማድረግ ይቻላል፤ ለመለካት ጠቃሚ ነው። ሲጨርሱ ግን መመለስዎን አይርሱ። በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ ያልተከፈተለት ስልክ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበት፤ መውረጃው ከተዘጋ ቤተሰብ ቢደውል አያገኝዎትም።

ሦስተኛ፦ ነጥቦቹን መምረጥ

ጅማ ሜዳና ዳገት የተገናኙባት ከተማ ናት። መሐሉ ዝቅ ያለ ነው፤ አዌቱ ሰንጥቆት ያልፋል፤ በአንድ ወገን የቦዬ ረግረግ ይተኛል፤ በሌላው ወገን ጅሬን ይነሳል። ሲግናልም ይህንኑ መልክ ይከተላል። ከአሥር የማይበልጡ ነጥቦች ይምረጡና እያንዳንዱን ዐይን ጨፍነው ሊመለሱበት በሚችሉት ምልክት ይሰይሙ፦ “ድልድዩ ጫፍ፣ የግራው ድጋፍ” እንጂ “አዌቱ አካባቢ” አይበሉ።

የእኔ ምርጫ ይህን ይመስላል። መርካቶ፣ ሕዝብ የሚበዛበት ስለሆነ የኔትወርኩ ጭነት መለኪያ ነው። አጂፕ፣ መኪናና ተጓዥ የሚተላለፍበት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በር እና ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ግቢ በር፣ ተማሪ ሲገባና ሲወጣ የሚፈጠረውን ልዩነት ስለሚያሳዩ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቦዬ የከተማው ጠርዝ ነው። የአዌቱ ዳር ዝቅተኛው ቦታ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ከፍተኛው ነው። የቀሩት የራሴና የዘመዶቼ ቤቶች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅሙትም እነሱ ናቸው።

ቤትን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። የጅማ ቤት አብዛኛው ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ሲግናልን አሳልፎ አይሰጥም፣ ይመልሰዋል። የጭቃ ግድግዳው ብዙ ባይከለክልም፣ ዝናብ ሲጠግብ ከደረቁ ይልቅ ያፍናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚገባው ሲግናል በአብዛኛው በመስኮትና በበር የሚገባው ነው። መስኮቱ ማማው ወዳለበት ካልዞረ ክፍሉ ሲግናል ያጣል። በየቤቱ ሦስት ንባብ ይውሰዱ፦ ክፍሉ መሐል፣ በሩ ላይ፣ ከበሩ አምስት እርምጃ ውጭ። በክፍሉና በውጩ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ከሆነ፣ ውጭ ጥሩ እያለ ውስጥ ከጠፋ፣ ጉዳዩ የቤቱ ነው፤ አልጋውን ወይም ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ማዞር አዲስ ማማ ከመጠበቅ ይቀድማል። ውጩም ደካማ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሽፋን ነው፤ አቤቱታም የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። በአክስቴ ቤት ድንጋዩ ላይ ቆሜ ያነበብኩትም ደካማ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ በ15 ይወርዳል። እሳቸው “ድንጋዩ በረከት አለው” ይላሉ፤ በረከቱ ማማውን የሚጋርደው የባሕር ዛፍ ረድፍ እዚያ ጋ ስለሚያበቃ ነው።

አራተኛ፦ ሰዓቱን መምረጥ

አንድ ነጥብ በቀን ሦስት ጊዜ ቢለካ ይበቃል፦ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ። ንጋት ማንም ስለማይጠቀም የማማውን ሙሉ አቅም ያሳያል፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ስለሚከፍት ጭነቱን ያሳያል። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጽፉ ከሆነ ሁልጊዜ እንዲያው ይጻፉ። መተግበሪያው በራሱ የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነቱ መዝገብን ያምታታል፤ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛውን እንደመረጡ በጉልህ ያስፍሩ።

የገበያ ቀን ለብቻው ይመዝገብ። ሐሙስ ቀን መርካቶ ላይ የተወሰደ ንባብና እሑድ ንጋት ላይ የተወሰደው የአንድ ማማ አይመስሉም። መብራት ከጠፋም ሰዓቱን ይጻፉ። ማማዎች በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያሉ፤ መብራት ከጠፋ ስንት ሰዓት ቆይቶ ኔትወርኩ እንደሚከተል ማወቅ የማማውን የመጠባበቂያ ኃይል ሁኔታ ይነግራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይከተል የነበረው ከስድስት ሰዓት በኋላ መከተል ከጀመረ ባትሪው ተለውጧል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል፤ ይህም ማስታወቂያ የማይነገርለት እውነተኛ ማሻሻያ ነው።

ዝናብም ይጻፍ፤ ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነውና። ሰው ሁሉ “ዝናብ ኔትወርክ ያጠፋል” ይላል፤ አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ከማማው ወደ ስልካችን የሚመጣውን ሞገድ ዝናብ ብዙም አይጎዳውም፤ የረጠበ ቅጠል ግን ያዳክመዋል። ማማን ከማማ የሚያገናኘውን፣ በክብ ሳህን የሚላከውን ከፍተኛ ሞገድ ግን ኃይለኛ ዝናብ በእርግጥ ይሰብረዋል። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ የሲግናሉ ቁጥር ሳይወርድ ኢንተርኔቱ ብቻ ከቆመ፣ የተቋረጠው ከማማው በስተጀርባ ያለው መስመር ነው። ያ ማማ አንድ ቀን በፋይበር ገመድ ከተገናኘ፣ በቀጣዩ ዝናብ ደብተሩ ላይ ይታያል።

አምስተኛ፦ ፍጥነትን በቁጠባ መለካት

የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያዎች ጥቅል ይበላሉ። በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር በ15 ሰከንድ ውስጥ 37 ሜጋባይት ተኩል ይወስዳል፤ መስመሩ በፈጠነ ቁጥር ፍጆታው ይጨምራል። በየቀኑ በየነጥቡ ይህን ማድረግ የጥቅል ገንዘብ ማባከን ነው። እኔ የማደርገው 5 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ከአንድ ቦታ ማውረድና በሰዓት መያዝ ነው። 5 ሜጋባይት 40 ሜጋቢት ነው፤ በ16 ሰከንድ ከወረደ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ነጥብ 5 ሜጋቢት ሆነ ማለት ነው። ስፒድቴስትን በወር አንድ ጊዜ ለማመሳከሪያ ያህል እከፍተዋለሁ።

ስድስተኛ፦ የማማውን መታወቂያ መያዝ

ብዙ ሰው የማያውቀውና ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው። መተግበሪያው በ4ጂ ላይ የሴል ቁጥር የሚባል ረጅም ቁጥር ያሳያል። ያንን ለ256 ያካፍሉት፤ ሙሉው ድርሻ የማማው ጣቢያ ቁጥር ነው፣ ቀሪው ደግሞ ከማማው አንቴናዎች የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ቁጥሩ 13,056,003 ቢሆን፣ ጣቢያው 51,000፣ ቀሪው 3 ነው። ከሴል ቁጥሩ ሌላ የአገርና የኩባንያ መለያ ይታያል፤ የኢትዮጵያ 636 ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም 02 ነው።

ሌላው የሞገድ ቁጥሩ ነው፤ ኢኤአርኤፍሲኤን ተብሎ ይታያል። ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ 1800 ሜጋኸርዝ ላይ ነዎት፤ ከ0 እስከ 599 ከሆነ 2100 ላይ፤ ከ3450 እስከ 3799 ከሆነ 900 ላይ፤ ከ6150 እስከ 6449 ከሆነ 800 ላይ። ዝቅተኛው ሞገድ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ ከፍተኛው ብዙ ሰው ባለበት ቦታ አቅም ይጨምራል።

አሁን ማሻሻያው በራሱ ይናገራል። ያልነበረ የጣቢያ ቁጥር ከታየ አዲስ ማማ ሳይተከል አልቀረም። ጣቢያው ያው ሆኖ አዲስ የሞገድ ቁጥር ከመጣ በነባሩ ማማ ላይ ሞገድ ተጨምሯል። ሁለቱም ሳይለወጡ የማታው ፍጥነት ወደ ንጋቱ ከተጠጋ ከማማው በስተጀርባ ያለው መስመር ሳይሰፋ አልቀረም። የ4ጂ ምልክት አጠገብ የመደመር ምልክት ከመጣ ስልኩ ሁለት ሞገድ አጣምሮ መጠቀም ጀምሯል። የ5ጂን ምልክት ግን በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ አንዳንድ ስልክ ማማው 5ጂ የሚችል መሆኑን ሲሰማ ብቻ ምልክቱን ያበራል፤ ዳታው አሁንም በ4ጂ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱን ሳይለኩ “5ጂ ገባ” ብለው አይጻፉ።

ማማ አጠገብ ሄዶ ፎቶ ማንሳት ወይም ጥበቃውን ማስጨነቅ አያስፈልግም። የሚፈለገው ሁሉ ስልኩ ላይ ይነበባል።

ሰባተኛ፦ መዝገቡን ማንበብ

አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይያዝ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ነጥብ፣ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ሲም፣ ትውልድ፣ አርኤስአርፒ፣ ኤስአይኤንአር፣ ጣቢያ፣ የሞገድ ቁጥር፣ ፍጥነት፣ መብራትና ዝናብ። ከስድስት ሳምንት በፊት ምንም አይፍረዱ።

ከዚያ በኋላ አራት መልኮች ይለያሉ። ሲግናሉ ብርቱ ሆኖ ማታ ብቻ ከዘገመ ማማው ተጨናንቋል፤ መርካቶና የዩኒቨርሲቲው በሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ብርቱ ሆኖ ንጋትም ማታም ከዘገመ ከማማው ጀርባ ያለውን መስመር፣ ወይም የራስዎን ሲምና ጥቅል ይጠርጥሩ፤ በሌላ ሰው ስልክ ያመሳክሩ። ሁለቱም ቁጥሮች ደካማ ከሆኑ ሽፋኑ አልደረሰም። አራተኛው ሰውን የሚያስገርመው ነው፦ ብርታቱ (አርኤስአርፒ) ጥሩ፣ ጥራቱ (ኤስአይኤንአር) መጥፎ። ይህ ከፍታ ላይ ይታያል። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሲቆሙ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ይዘረጋል፤ ስልኩም እንደ ዐይናችን ብዙ ማማ በአንድ ጊዜ ያያል፤ ሁሉም ሲናገሩ አንዱን ለይቶ መስማት ይቸግረዋል። እዚያ ቦታ ላይ “ማማ ይጨመርልን” ብሎ መጠየቅ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። የሚጠየቀው የአንቴናዎቹ አቅጣጫና ዝንባሌ እንዲስተካከል ነው።

ኦፕን ሲግናልና ሴልማፐር የሚያሳዩት ካርታ ከተጠቃሚዎች ስልክ የተሰበሰበ ነው። ባዶ የሆነ ሰፈር ሽፋን የለውም ማለት አይደለም፤ የለካ ሰው አልሄደበትም ማለት ሊሆን ይችላል። የራስዎን ንባብ መላክ ከፈለጉ ከቤትዎ ራቅ ብለው ያስጀምሩት፤ በየቀኑ ከአንድ በር የሚነሳ መስመር የመኖሪያ አድራሻ ይናገራልና።

ስምንተኛ፦ በመዝገቡ አቤት ማለት

ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ይደውሉ፤ ወይም በአካል ይሂዱ። “ኔትወርክ የለም” አይበሉ። “ጅሬን፣ ይህ ቦታ፣ ከቤት ውጭ፣ 4ጂ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከተወሰዱ ይህን ያህል ንባቦች ውስጥ ይህን ያህሉ ከ-110 በታች፣ የጣቢያው ቁጥር ይህ” ይበሉ። ይህን የሰማ ባለሙያ የትኛው ማማ ላይ ምን መፈተሽ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። የአቤቱታውን መለያ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ፤ በደብተሩም ላይ ይጻፉት። ሦስት አራት ጎረቤቶች በየራሳቸው ስልክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለክተው በየስማቸው ቢያመለክቱ የበለጠ ይሰማል። መልስ ካልተገኘ ጉዳዩን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መውሰድ ይቻላል፤ መለያ ቁጥሩና መዝገቡ የሚያስፈልጉት ያኔ ነው።

“ተስተካክሏል” የሚል መልእክት ሲደርስዎ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ነጥብ ይለኩ፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ይድገሙት። ውጤቱን ከአቤቱታው መለያ ቁጥር ሥር ይጻፉት። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ የአክስቴ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ሁለት መለያ ቁጥሮች ተጽፈዋል። በሦስተኛው ወር አንድ አዲስ የጣቢያ ቁጥር በንጋት ንባብ ላይ ታየ፤ አክስቴም ቡናቸውን እያፈሉ፣ ከክፍሉ ሳይወጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጃቸው ደወሉ።